የጭራቅ ወረቀት

አሮጌ የአስፈሪ ፊልም ቅርስ ሲባል ዓይነቱ ብዙ ነው። ሲኒማ ቤት ደጃፍ ላይ የተለጠፈ ፖስተር፣ በመግቢያው ላይ ይደረደር የነበረ የካርቶን ፎቶ፣ ከጎማ የተሠራ የጭራቅ ጭንብል፣ ተዋናዩ የለበሰው ካባ፣ ልጆች የገጣጠሙት የፕላስቲክ ፍራንከንስታይን፣ ስለ ጭራቅ ብቻ የሚያወሩ መጽሔቶች፤ ሁሉም በዚህ ስም ይጠራሉ። በአሜሪካና በአውሮፓ ዕድሜያቸውን ሙሉ እነዚህን ሲሰበስቡ የኖሩ ሰዎች አሉ። ከወረቀቶቹ አንዳንዱ ዛሬ በጨረታ ሲወጣ የቪላ ቤት ዋጋ ያወጣል። ሲታተም ግን ከአንድ ሁለት ሳምንት በላይ ይቆያል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም፤ ውድ ያደረገውም ይኸው ነው። ሁሉም ሰው ጣለው፣ ጥቂቱ በአጋጣሚ ተረፈ።

ነገሩ በፖስተሩ ይጀምራል። ዩኒቨርሳል የተባለው የአሜሪካ ፊልም ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1931 ድራኩላንና ፍራንከንስታይንን፣ በማግስቱ ዓመት ደግሞ ሙሚን ለእይታ አበቃ። የዚያ ዘመን ፖስተር ቀለሙ ድምቅ ያለ የሊቶግራፍ ሕትመት ነበር። የተለመደው መጠን 69 በ104 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ተጣጥፎ በፖስታ ይላካል። ሲኒማ ቤቱ ለቀናት ይሰቅለውና ፊልሙ ሲያልቅ ይመልሰዋል፤ ከዚያም ወደሚቀጥለው ከተማ ይሄዳል። እንዲህ ሲዞር፣ ሲለጠፍና ሲላጥ ከርሞ ሲቀዳደድ ይጣላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ አሮጌ ወረቀት ለጦሩ በዘመቻ ሲሰበሰብ የተረፈው አብሮ ሄደ። በዚህ ምክንያት በብዛት ከታተሙት የ1930ዎቹ ፖስተሮች መካከል ዛሬ በጣት የሚቆጠር ቅጂ ብቻ የቀረላቸው ብዙ ናቸው። አንድ ቅጂ ብቻ የሚታወቅላቸውም አሉ።

የተረፉትም የተረፉት ለክብር ተቀምጠው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ፔንሲልቬኒያ ግዛት፣ በርዊክ በተባለች ትንሽ ከተማ፣ ከአንድ ቤት ጣሪያ ሥር የተገኘ ወፍራም የወረቀት ቁልል ለሐራጅ ቀረበ። አንዱ ፖስተር በሌላው ላይ በግድግዳ ወረቀት ማጣበቂያ ተደራርቦ ተለጥፎ እንደ ጣውላ ደድሮ ነበር። የሲኒማ ቤት ሠራተኞች የቆየውን ሳይልጡ አዲሱን ከላዩ ይለጥፉበት ኖረዋል ማለት ነው። ቁልሉ በ30,000 ዶላር ገደማ ተሸጠ፤ ገዢው በእንፋሎት እያራሰ ሲያላቅቀው በሠላሳዎቹ የሚቆጠሩ የ1930ዎቹ መጀመሪያ ፖስተሮች ወጡ። ከመካከላቸውም ከዚያ በፊት ታይቶ የማይታወቅ ዓይነት የድራኩላ ፖስተር ነበር። በዓመቱ ሁሉም በግማሽ ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሸጡ። ለዘመናት ያቆያቸው የባለሙያ ጥበብ ሳይሆን የሠራተኞቹ ስንፍና ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዋጋው ወደ ላይ የተወረወረው በ1990ዎቹ ነው። የሙሚ ፖስተር እ.ኤ.አ. በ1997 በሶዝቢስ ጨረታ 453,500 ዶላር ሲያወጣ ለፖስተር ያልተሰማ ዋጋ ነበር። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ2017፣ አንድ የድራኩላ ፖስተር 525,800 ዶላር ተከፈለበት። ከሁለቱም ይልቅ የሚያስገርመው ግን ለንደን አፍተር ሚድናይት የተባለው የ1927 ድምፅ አልባ ፊልም ፖስተር ነው። የመጨረሻው የታወቀ የፊልሙ ቅጂ በ1960ዎቹ በፊልም ኩባንያው በኤም ጂ ኤም መጋዘን በተነሣ እሳት ተቃጥሏል፤ ዛሬ ማንም ሊያየው አይችልም። ፖስተሩ ግን በ2014 ለጨረታ ቀርቦ 478,000 ዶላር አወጣ። ፊልሙ ጠፍቶ ማስታወቂያው ሲቀር፣ ወረቀቱ ከማስታወቂያነት አልፎ ስለ ፊልሙ የሚመሰክር ሰነድ ይሆናል።

የመጽሔቱ ታሪክ ከዚህ ይለያል፤ የተነሣውም ከቴሌቪዥን ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 መጸው ስክሪን ጀምስ የተባለ ድርጅት 52 የቆዩ የዩኒቨርሳል ፊልሞችን ሾክ በሚል ስም አንድ ላይ ጠርዞ ለአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ሸጠ። ወላጆቻቸው በወጣትነታቸው ሲኒማ ቤት ገብተው የፈሩትን ጭራቅ ልጆቹ ሳሎን ቁጭ ብለው ያዩት ጀመር። ጥቂት ወራት ሳይቆይ፣ በየካቲት 1958፣ ጄምስ ዋረን የተባለ አሳታሚና ፎረስት አከርማን የተባለ አዘጋጅ ፌመስ ሞንስተርስ ኦቭ ፊልምላንድ የተሰኘውን መጽሔት አወጡ። የታሰበው አንድ ጊዜ ብቻ ታትሞ እንዲቀር ነበር። በሽፋኑ ላይ የፍራንከንስታይንን ጭንብል ያጠለቀ ሰው ከአንዲት ቆንጆ ጋር ቆሞ ይታያል፤ ከጭንብሉ በስተጀርባ ያለው አሳታሚው ራሱ ነው። ለሽፋን ተዋናይ የሚከፍል ገንዘብ እንዳልተረፈው ያስታውቃል። ዋጋው 35 ሳንቲም ነበር። መጽሔቱ ከገበያ እንደ ወጣ ተሸጦ አለቀ፣ ሁለተኛ ዕትም ተከተለ፣ እስከ 1983ም ዘለቀ።

ዛሬ አንድ ሰብሳቢ ያንን መጽሔት ሲያገኝ በመጀመሪያ የሚያገላብጠው የኋላ ገጾቹን ነው። እዚያ ካፕቴን ካምፓኒ የተባለው የዋረን የፖስታ ሱቅ ጭንብል፣ የጎማ እጅ፣ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ፊልምና መጽሐፍ ይሸጥ ነበር። ልጁ ቅጹን በመቀስ ቆርጦ፣ ገንዘቡን ፖስታ ውስጥ ከትቶ ይልካል። ስለዚህ ጥጉ ያልተቆረጠ ቅጂ ማግኘት ከባድ ነው፤ ሽፋኑ ንጹሕ ሆኖ ኋላው የተሸረከተ መጽሔት ዋጋው ያሽቆለቁላል። ሌላም ወጥመድ አለ። የመጽሔቱ ቁጥር ከ69 ተነሥቶ በቀጥታ ወደ 80 ይዘልላል፤ ከ70 እስከ 79 ያሉት ፈጽሞ አልታተሙም። ይህን ሳያውቅ ስብስቡን ልሙላ ብሎ የሌለውን ሲፈልግ የኖረ ሰው አይታጣም። ሠዓሊ ባዚል ጎጎስ በቀይ፣ በአረንጓዴና በቢጫ ብርሃን የሣላቸው የጭራቅ ፊቶች ደግሞ ከመጽሔቱ ተነጥለው በራሳቸው የሚፈለጉ ሆነዋል።

አከርማን ከአዘጋጅነቱ ይበልጥ በሰብሳቢነቱ ይታወቃል። ሎስ አንጀለስ የነበረው ባለ 18 ክፍል ቤቱ ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ በመጽሐፍ፣ በፖስተር፣ በጭንብልና በፊልም ዕቃ የተሞላ ነበር፤ ቁጥሩ 300,000 ይደርሳል ይባል ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ በሩን ከፍቶ ለማንም እንግዳ በነፃ ያስጎበኝ ነበር፤ ድራኩላን የተጫወተው ቤላ ሉጎሲ ያጠለቀውን ቀለበት በጣቱ አድርጎ ታሪኩን እየተረከ። አንድ ከተማ ተረክቦ ሙዚየም እንዲያደርግለት ለዓመታት ቢለምንም አልተሳካለትም። በስተርጅና ሕመምና የፍርድ ቤት ወጪ ሲበረታበት ብዙውን ሸጠ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2008 በ92 ዓመቱ ሲያርፍ የቀረው በዓመቱ በጨረታ ተበተነ። ዕቃዎቹ አልጠፉም፤ ጥሩ ጥሩ እጅ ገብተዋል። የእያንዳንዱን ዕቃ ታሪክ በቃሉ ይዞ የሚያስጎበኘው ሰው ግን አብሯቸው አልተሸጠም፤ ከታሪኩ ብዙው ደግሞ በጽሑፍ አልሰፈረም።

ገንዘብ በበዛበት ማጭበርበር አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2009 አካባቢ የአሜሪካ ሰብሳቢዎች በብዙ ሺህ ዶላር የገዟቸው የ1930ዎቹ የአስፈሪ ፊልም ፖስተሮችና የካርቶን ፎቶዎች አዲስ ሕትመት ሆነው ተገኙ፤ ነገሩም እስከ ወንጀል ችሎት ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ጠንቃቃ ገዢ ሥዕሉን ከማየቱ በፊት ወረቀቱን ያያል። የዚያ ዘመን ፖስተር ተጣጥፎ የተላከ በመሆኑ የእጥፋቱ መስመር ዕድሜውን ይናገራል፤ ከ1940 እስከ 1980ዎቹ የታተሙት አብዛኞቹ ደግሞ ግርጌያቸው ላይ የአከፋፋዩን ቁጥር ይይዛሉ። በአጉሊ መነጽር ሲታይ ሊቶግራፍ የተጠቃጠቀ ክሬዮን ይመስላል፤ የዛሬ ሕትመት ግን በመስመር የተደረደሩ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ናቸው።

በኢትዮጵያ ፊልምና ፍርሃት የተዋወቁት በሌላ መንገድ ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አዲስ አበባ ውስጥ የተከፈተውን ሲኒማ ሕዝቡ ሰይጣን ቤት ሲለው፣ በሸራው ላይ ቫምፓየርም ሙሚም አልነበረም፤ የሚንቀሳቀሰው ጥላ ራሱ ለማስፈራት በቅቶ ነበር። ኋላ ሲኒማ ኢትዮጵያ፣ አምፒር፣ አምባሳደርና ራስ ሲመጡ ፍርሃቱ ለቀቀና ወረፋው ረዘመ። የአሜሪካ፣ የጣሊያንና የህንድ ፊልም ከነፖስተሩ ገባ። በ1980ዎቹ ዓ.ም. ደግሞ ቪዲዮ ቤት በየክፍለ ሀገሩ ከተማ ተስፋፋ፦ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ማጫወቻ፣ አግዳሚ ወንበሮች፣ መብራት ሲጠፋ የሚንኳኳ ጄኔሬተር። ደጃፉ ላይ የዕለቱ ፊልም ስም በማርከር የተጻፈበት ካርቶን ይቆማል፤ ከጎኑም የካሴቱ ልባስ ወይም ከውጭ የመጣ ፖስተር ይለጠፋል። ካራቴው ቀን፣ አስፈሪው ማታ።

ያ ሁሉ ወረቀት የት ገባ ለሚል መልሱ ማንም ኢትዮጵያዊ የሚያውቀው ነው። ከፊሉ ሱቅ ገብቶ የቅመምና የቆሎ መጠቅለያ ሆኗል። ከፊሉን ቆራሌው ከጠርሙስና ከጣሳ ጋር ወስዶታል። ትልቁ ድርሻ ግን ግድግዳ ላይ ነው። ጭቃ ቤት ተመርጎ ሲደርቅ የውስጥ ግድግዳው በጋዜጣ፣ በመጽሔትና በፖስተር ይለጠፋል፤ አፈሩ እንዳይረግፍ ይይዛል፣ ክፍሉንም ያፈካዋል። ማጣበቂያው በውኃ የተፈላ ዱቄት ነው። በዓመቱ ሲጠቁር ሌላ ንብብር ይጨመርበታል፤ ለበዓል ደግሞ ሌላ። ከበርዊኩ ቁልል የሚለየው ጣሪያ ሥር አለመሆኑ ብቻ ነው። ቤቱ ፈርሶ በብሎኬት ሲተካ የሠላሳ ዓመት ንባብ ከጭቃው ጋር ተዝቆ ይጣላል።

ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል 450 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው የካፋ ከተማ ቦንጋ ስብስብ የሚለው ነገር ከፊልም እጅግ ይቀድማል፤ ካፋ ሰብሳቢ የጎበኛት አገር ናት። የካፋ መንግሥት በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ሲሸነፍና የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1897 ሲማረኩ፣ ዘውዱ ከአገር ወጣ። በግንባሩ ባለ ሦስት ቅርንጫፍ ጌጥ ያለው ይህ ዘውድ በዐፄ ምኒልክ እጅ ገብቶ፣ በስዊሱ አማካሪያቸው በአልፍሬድ ኢልግ በኩል ወደ ስዊዘርላንድ ተሻገረ፤ የተመለሰው በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው። አንድ ዕቃ እንዲህ እጅ ሲለዋውጥ በመጀመሪያ መከበሩ፣ ቀጥሎ ምርኮ፣ ከዚያ የግል ንብረት፣ በመጨረሻም ቅርስ መባሉ በየትም አገር የሚደጋገም ነገር ነው።

ከዘውዱ መውጣት ስምንት ዓመት በኋላ ፍሪድሪክ ዩሊየስ ቢበር የተባለ ኦስትሪያዊ ካፋ ደረሰ። በ1873 ቪየና ተወልዶ ጫማ ሰፊነት የተማረ፣ ስለ ካፋ እያነበበ ያደገ፣ ኋላም የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ሰው ነው። በ1905 የመጣው ኦስትሪያ-ሀንጋሪ ከኢትዮጵያ ጋር የንግድ ውል ለመፈራረም የላከችውን ልዑክ ተከትሎ ነበር፤ በ1909ም ተመልሶ መጥቷል። ጦርነቱ ያወደመውን የመንግሥት ሥርዓት ከሚያስታውሱ ሰዎች አፍ ጻፈ፣ ዕቃ ገዛ፣ ፎቶ አነሣ። በ1920 እና በ1923 ባሳተማቸው ሁለት ጥራዞች ከቤት አሠራር እስከ ቤተ መንግሥት ማዕረግ፣ ከምግብ እስከ ቀብር ያለውን ዘርዝሯል። ከሞተበት ከ1924 ወዲህ ስብስቡ ቪየና ውስጥ ቀርቷል፤ ከፊሉ ዛሬ የዓለም ሙዚየም በሚባለው ተቋም፣ ከፊሉ ሂትሲንግ በተባለው የከተማዋ ክፍል ሙዚየም። አንድ የካፋ ተወላጅ የቅድመ አያቱን ዘመን ዕቃ ለማየት ቪዛ ያስፈልገዋል። ይህ ቅሬታ ተገቢ ነው፤ ሆኖም ቢበር ከአከርማን በአንድ ነገር ይበልጣል። ዕቃውን ከነስሙና ከነአገልግሎቱ መዝግቦ ስለሄደ፣ እሱ ከሞተ መቶ ዓመት ቢያልፍም ዕቃው ይናገራል።

የውጭ ሰዎች ካፋን ሲጽፉ ግን አንድ ልማድ ነበራቸው፤ ምስጢርና ድንጋጤ መፈለግ። ማክስ ግሩል የተባለ ጀርመናዊ በ1920ዎቹ ተጉዞ የጻፈው መጽሐፍ ንጉሡን አምላክ አድርጎ በርዕሱ ይሰቅላል። የቢበር ልጅ ኦቶ በ1948 ያሳተመው ደግሞ ካፋን ገና ከሽፋኑ ምስጢራዊት ይላታል። በመጋረጃ ጀርባ የሚቀመጥ ንጉሥ፣ በሰው ላይ የሚያድር ኤቆ የተባለ መንፈስ፣ የመንፈሱ ማደሪያ የሆነው አላሞ፤ እነዚህ ለአውሮፓ አንባቢ የሚቀርቡት የጭራቅ መጽሔት በሚመስል ቃና ነበር። ለካፋ ሰው ኤቆ የሚማከሩት እንጂ ትኬት ቆርጠው የሚፈሩት አልነበረም። የሰው እምነት ያለበትን ዕቃ ከጎማ ጭንብል ጎን ማስቀመጥ ነውር ነው፤ ሰብሳቢ ነኝ የሚል ሁሉ ይህን ልዩነት ከመጀመሪያው ቢያውቀው ይበጃል። ካፋ ውስጥ ልጅ ለማስፈራት በምድጃ ዳር የሚነገረው ተረት ግን ሌላ ነው። እሱ ያለ ነውር ሊቀዳ፣ ሊጻፍና ሊታተም የሚገባው የአገሩ አስፈሪ ታሪክ ነው።

ቦንጋ ላይ ወረቀት ማስቀመጥ ሎስ አንጀለስ ላይ ከማስቀመጥ ይከብዳል። ካፋ ከኢትዮጵያ ዝናባማ አካባቢዎች አንዱ ነው፤ ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ በዓመት ይዘንባል፣ ደረቅ ወር የሚባለውም አጭር ነው። የርካሽ መጽሔት ወረቀት ከእንጨት ድቃቂ ስለሚሠራ በውስጡ ያለው አሲድ በራሱ ጊዜ ቢጫና ተሰባሪ ያደርገዋል፤ እርጥበት ሲጨመርበት ሻጋታ ያወጣል። ከታች ምስጥ፣ ከጎን አይጥ፣ ከላይ የጣሪያ ፍሳሽ አለ። አያቶች ነገሩን በጭስ ይፈቱት ነበር፤ ዘርም ሆነ ዕቃ ከምድጃው በላይ ቆጥ ላይ ሲቀመጥ ይደርቃል፣ ነቀዝም አይደፍረውም። ለእህል የሚበጀው ጭስ ወረቀትን ግን በጥላሸት ያጠቁራል።

ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ መፍትሔ አለ። ወረቀቱ ከመሬትም ከውጭ ግድግዳም ርቆ፣ ነፋስ በሚገባው ክፍል መደርደሪያ ላይ በጠፍጣፋው ይተኛል። ፀሐይ አያገኘውም። በየመካከሉ ንጹሕ ነጭ ወረቀት ይገባል። በክረምት በየጊዜው ተከፍቶ ይታያል፤ የሻገተ ካለ ሌላውን ሳይበክል ይለያል፣ ሲደርቅም በለስላሳ ብሩሽ ይጠረጋል። የተቀደደውን በፕላስተር ማጣበቅ ትልቁ ጥፋት ነው፤ ሙጫው በዓመታት ውስጥ ቡናማ ሆኖ ወረቀቱን ይበላዋል። በላስቲክ ላሚኔት ማድረግም እንደዚያው ነው፤ አንዴ ከተደረገ አይመለስም። ከግድግዳ ላይ የሚነሣ ወረቀት ካለ በደረቁ አይላጥም። የዱቄት ማጣበቂያ በእንፋሎትና በትዕግሥት ይለቅቃል። ከማንሣቱ በፊት ግን ግድግዳው እንዳለ ፎቶ ይነሣ፤ የትኛው በየትኛው ላይ እንደተለጠፈ ራሱ መረጃ ነው።

ከሁሉም የሚቀድመው ጽሑፉ ነው። ፖስተሩ በየትኛው ቪዲዮ ቤት ደጃፍ እንደነበር፣ መቼ እንደሆነ፣ መግቢያው ስንት እንደነበር፣ ማን እንዳስቀመጠው በእርሳስ በተለየ ወረቀት ላይ ተጽፎ አብሮት ይቀመጥ። ማርከር የነካው ካርቶን ከውጭ ከመጣው ፖስተር ይልቅ ለአገሩ ታሪክ ይጠቅማል። ፖስተሩ በዓለም ላይ ሌላ ቅጂ ይኖረዋል፤ አንድ የቦንጋ ልጅ የፊልሙን ስም በአማርኛ የጻፈበት ካርቶን ግን ሌላ የለውም።

ቦንጋ ዛሬ ብሔራዊ የቡና ሙዚየም አላት፣ ዩኒቨርሲቲ አላት፣ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ከተሞችም አንዷ ናት። አንድ መደርደሪያና አንድ መዝገብ ለዚህ ማዋል ለአንዳቸውም አይከብድም። ቪዲዮ ቤት የነበራችሁ፣ ወይም አሮጌ ጭቃ ቤት ልታፈርሱ ያሰባችሁ፣ ከቆራሌው በፊት ግድግዳውን ለአንድ የታሪክ ተማሪ አሳዩት፤ ካርቶኑንም አትጣሉ።